የትናንሽ ከተሞች ጨረታ፦ ሁሉም የሚያየው ሳጥኑን ነው

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት የአማራ ክልሉን በኩር ጋዜጣ የጨረታ ገጾች የሚያገላብጥ ሰው ያንኑ ማስታወቂያ በተለያየ ከተማ ስም ደጋግሞ ያነባል። የከተማው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ፣ የገበያ ሼድ ወይም ቄራ «በግልጽ ጨረታ አወዳድሮ ማሠራት ይፈልጋል»። ቀጥሎ ቅድመ ሁኔታዎቹ ይደረደራሉ፦ የዘመኑን ግብር የከፈለና ፈቃዱን ያሳደሰ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የቫት ምዝገባ ያለው፣ ደረጃው ይህን ያህልና ከዚያ በላይ የሆነ ሥራ ተቋራጭ፤ የጨረታ ማስከበሪያውን በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ትዕዛዝ) ወይም በሁኔታ ላይ ባልተመሠረተ የባንክ ዋስትና የሚያስይዝ፤ ሰነዱን ዋናና ኮፒ ብሎ በታሸገ ፖስታ የሚያስገባ። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። በሌላ ተጫራች ዋጋ ላይ ተንተርሶ ዋጋ መስጠት አይቻልም። መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።

አብዛኞቹ መስመሮች የሚጠብቁት አንድ ቀንን ነው፤ ሳጥኑ የሚከፈትበትን። ያ ቀን ደግሞ በትናንሽ ከተሞች ሳይቀር በአብዛኛው በሥርዓት ያልፋል። ተጫራቾች ይገኛሉ፣ ፖስታው በፊታቸው ይከፈታል፣ ዋጋ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ኮሚቴው በየገጹ ይፈርማል። ነዋሪውም ስለ ሙስና ሲያወራ ይህንኑ ቀን ያስባል። የከተማው ገንዘብ ግን በብዛት የሚባክነው ከዚህ ቀን በፊት፣ የሥራው መጠን ሲለካ፣ ወይም ከዚህ ቀን በኋላ፣ የተሠራው ሥራ ሲለካ ነው። ሁለቱንም ጊዜ በቦታው ያለው አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ከየት፣ ገዢው ማን

ግዥን የሚመራው ሕግ እንደየክልሉ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ 649/2001 በአዋጅ 1333/2016 ተተክቷል፤ ከተሞች የሚሠሩት ግን የየክልላቸው ምክር ቤት ባወጣው አዋጅና ገንዘብ ቢሮው ባወጣው መመሪያ ነው። የግዥ ዘዴዎቹ ስም ያው ነው፦ ግልጽ ጨረታ፣ ውስን ጨረታ፣ የዋጋ ማቅረቢያ ወይም በተለምዶ ፕሮፎርማ፣ ቀጥታ ግዥ። የሚለያየው እያንዳንዱ ዘዴ የሚፈቀድበት የገንዘብ ጣሪያ ነው፤ ጣሪያው ባለበት ሁሉ ደግሞ ከጣሪያው በታች የሚያስገባ መቀስ አይጠፋም። የ3 ሚሊዮን ብር ቦይ በቀበሌ ተቆራርጦ ሦስትና አራት ትንንሽ ሥራ ከሆነ ጋዜጣ ላይ መውጣቱ ይቀራል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይበቃል። ሦስቱም ፕሮፎርማ በአንድ ሰው እጅ ተጽፎ፣ የፊደል ግድፈቱ እንኳ አንድ ሆኖ የተገኘበት ፋይል ለኦዲተር እንግዳ ነገር አይደለም።

በትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤቱ ወይም የመሠረተ ልማት ጽሕፈት ቤቱ ሥራውን ይጠይቃል፣ ቢኦኪው የሚባለውን የሥራ መጠን ሠንጠረዥና ስፔስፊኬሽን (የጥራት መግለጫ) ያዘጋጃል፤ ግዥውን የሚፈጽመው ግን ለሁሉም ጽሕፈት ቤቶች በማዕከል የሚገዛው የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የግዥ ቡድን ነው። ይኸው ቡድን ዛሬ የትምህርት ቤት ወንበር፣ ነገ የሞተር ሳይክል ጎማ፣ ከነገ ወዲያ ድልድይ ይገዛል። የግዥ ባለሙያው ሒሳብና ማኔጅመንት የተማረ ነው፤ «ደረቅ ግንብ» እና «በሲሚንቶ የታሰረ ግንብ» ምን ያህል የዋጋ ልዩነት እንዳላቸው ሊያውቅ አይጠበቅበትም። የሚያውቀው መሀንዲስ ማዶ ቢሮ ነው፤ ብዙ ጊዜም ብቻውን ነው፤ የግንባታ ፈቃድም፣ የይዞታ ልኬትም፣ የከንቲባው አስቸኳይ ጉዳይም እሱ ዘንድ ነው።

ከ2010 ወዲህ ብዙ ነገር የቀየረው በዓለም ባንክ 600 ሚሊዮን ዶላር የተደገፈውና 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ነው፤ በየከተማው የሚጠራው ዩአይአይዲፒ ተብሎ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ፕሮግራም የያዘው 44 ከተሞችን ነበር። ገንዘቡ ይለቀቅ የነበረው በየዓመቱ በሚደረግ የአፈጻጸም ምዘና ሲሆን የሦስት ዓመት ተንከባላይ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ የንብረት አስተዳደር ዕቅድ፣ የግዥ ዕቅድና ኦዲት የተደረገ ሒሳብ ይጠይቅ ነበር። ክልሉና ከተማውም የየራሳቸውን ድርሻ ያዋጡ ነበር። ይህ አሠራር ፋይል የመያዝ ልማድን ፈጥሯል፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም። መጥፎ ጎኑም ነበረው፦ ምዘናው ሲደርስ የሚጎድለው ቃለ ጉባኤ ወደ ኋላ ቀን ተሰጥቶት ይጻፍበት የነበረ ከተማ አለ። ከ117ቱ ውጭ ያሉት ከተሞች ደግሞ ያላቸው የሊዝ፣ የቤትና ቦታ ግብር፣ የገበያና የቄራ ገቢ ነው፤ በዚያ ገንዘብ በዓመት የሚሠራው አንድ ሁለት መንገድ ቢሆን ነው።

ቢኦኪው ላይ ያለቀ ነገር

ቢኦኪው የሥራ ዝርዝር፣ መለኪያ፣ መጠንና ነጠላ ዋጋ የያዘ ሠንጠረዥ ነው። ተጫራቹ የሚሞላው ነጠላ ዋጋውን ብቻ ነው፤ መጠኑን ከተማው ሞልቶ ይሰጠዋል። አሸናፊው የሚለየው በድምሩ ሲሆን ክፍያው የሚፈጸመው መሬት ላይ በተገኘው መጠን ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚሠራውን ሒሳብ በምሳሌ እንየው። ዋጋዎቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ለአንድ የጎርፍ ቦይ ቢኦኪው 1,200 ሜትር ኩብ የተራ አፈር ቁፋሮና 50 ሜትር ኩብ የአለት ቁፋሮ ይላል። አንደኛው ተጫራች ለአፈር 250 ብር፣ ለአለት 900 ብር ሰጠ፤ ድምሩ 345,000 ብር። ሁለተኛው ለአፈር 150 ብር፣ ለአለት 2,600 ብር ሰጠ፤ ድምሩ 310,000 ብር። ሁለተኛው በ35,000 ብር ረክሶ አሸነፈ። ቁፋሮው ሲጀመር አለቱ 50 ሳይሆን 400 ሜትር ኩብ፣ አፈሩ 850 ሆኖ ተገኘ። በአንደኛው ዋጋ ቢሆን ከተማው 572,500 ብር ይከፍል ነበር። በአሸናፊው ዋጋ የሚከፍለው 1,167,500 ብር ነው። ማንም ሰነድ አልሰረዘም፣ ማንም ፖስታ አልቀየረም። ሁለተኛው ተጫራች ቦታውን ሄዶ አይቶታል፤ ምናልባትም እዚያው ሰፈር የጉድጓድ ውኃ ያስቆፈረ ሰው ጠይቋል። ከተማው ግን አልቆፈረም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ለ600 ሜትር ቦይ በየ100 ሜትሩ እስከ ቦዩ ጥልቀት የሚደርስ የሙከራ ጉድጓድ ማስቆፈር ጥቂት የቀን ሠራተኛና ሁለት ቀን ይፈልጋል። ይህ ስለማይደረግ የብዙ ከተሞች ቢኦኪው ካለፈው ዓመት ፋይል የተገለበጠ፣ ርዝመቱ ብቻ የተቀየረ ይሆናል። የግምገማ ኮሚቴውም የነጠላ ዋጋዎቹን ከመሀንዲስ ግምት ጋር አንድ በአንድ ካስተያየ 2,600 ብሩ ዓይኑ ሥር ይወድቃል። ያኔ ተጫራቹ የዋጋ ትንተና እንዲያቀርብ መጠየቅና ያንን መስመር መጠኑን ከፍና ዝቅ አድርጎ መሞከር ይቻላል። ብዙ ኮሚቴ ድምሩን ደምሮ፣ የሒሳብ ስሕተት አርሞ ያበቃል። በነገራችን ላይ በእርማቱ ጊዜ ነጠላ ዋጋና ድምር ሲጋጩ የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው፤ ኮማ ያሳሳተ ተጫራች በዚህ ሕግ ከአንደኛነት ወደ መጨረሻ ሲወርድ አይቶ የሚጮኸው ሕጉን ሳያነብ ስለመጣ ነው።

ሌላው የቢኦኪው ሕመም የጎደለ መስመር ነው። መንገዱ ላይ የቆመ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የተቀበረ የውኃ መስመር፣ ወደ መንገዱ አንድ ሜትር ተኩል የገባ አጥር በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ተቋራጩ ሳይት ተረክቦ ማሽኑን ካስገባ በኋላ ምሰሶው እስኪነሳ ሁለት ወር ይቆማል፤ የቆመበትን ጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቃል፣ አንዳንዴም የቆመ ማሽን ኪራይ። አጥሩ ካሳ የሚገባው ከሆነ በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ገንዘቡ አስቀድሞ መከፈል አለበት፤ ለካሳ ያልተያዘ በጀት ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ አይገኝም። ስለዚህ ሁለት መቶ ሜትሩ ተሠርቶ፣ መሐል ላይ ሰማንያ ሜትር ተዘሎ፣ እንደገና የሚቀጥል መንገድ በብዙ ከተማ አለ።

ቦይ ላይ ደግሞ የሚዘለለው መውጫው ነው። በጀቱ የሚያልቀው ቦዩ ወንዝ ከመድረሱ በፊት ነው። የላይኛው ሰፈር ውኃ ተሰብስቦ፣ ፍጥነቱ ጨምሮ፣ የቦዩ ግንብ ባለቀበት ቦታ ላይ ካለው ግቢ ይገባል። ሥራው ከመውጫው ተጀምሮ ወደ ላይ ቢሠራ በጀት ሲያልቅ የሚቀረው የላይኛው ክፍል ይሆናል፤ ጉዳቱም ያነሰ ነው። ከላይ የሚጀመረው ዋናው አስፋልት ዳር ስለሚታይ ነው።

የሐምሌ በጀት፣ የሰኔ ሥራ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። ግንባታ የሚቻልበት በጋ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ሁለቱን ለማገናኘት የኋሊት መቁጠር ይበቃል። ማስታወቂያው እንደ ሥራው ከ15 እስከ 30 ቀን አየር ላይ ይውላል። ግምገማ፣ የአጽዳቂ ኮሚቴ ውሳኔና ውጤት ማሳወቅ ተፋጠነ ቢባል ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የቅሬታ ጊዜ አለ፤ በ649/2001 አዋጅ ተጫራች ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሚያቀርበው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ነበር፣ የክልሎቹም ሕጎች ተመሳሳይ መስመር ይከተላሉ። ከዚያ የውል ማስከበሪያ ማምጣት፣ ውል መፈራረም፣ የቅድመ ክፍያ ዋስትና፣ ሳይት ርክክብ፣ ማሽን ማጓጓዝ። በጠቅላላው ሦስት ወር ነው። ታኅሣሥ ላይ ለመቆፈር መስከረም ላይ ማስታወቂያ መውጣት አለበት፤ ሰነዱም ባለፈው ግንቦትና ሰኔ ተዘጋጅቶ በመሳቢያ ውስጥ መጠበቅ ይኖርበታል።

የሚሆነው ሌላ ነው። በጀቱ ሐምሌ ይጸድቃል፣ ድልድሉ እስኪወርድና የክልሉ ድርሻ እስኪለቀቅ ጥቅምት ይሆናል፣ ዲዛይኑ ያኔ ይጀመራል፣ ጨረታው የካቲት ይወጣል፣ ውሉ ሚያዝያ ይፈረማል። ተቋራጩ ሙያው ስለሆነ ይህንን ያውቃል፤ የዝናቡን ወራት ዋጋው ውስጥ አስገብቶ ይጫረታል። ከዚያ ሰኔ ይመጣል። ያልተከፈለ ገንዘብ ወደ ቋት ስለሚመለስ ሁሉም ሰው ለመክፈል ይጣደፋል፦ ያልተነጠፈ ድንጋይ «ሳይት ላይ ያለ ዕቃ» ተብሎ ይከፈላል፣ በጭቃ ላይ ሰብ ቤዝ (ከንጣፉ ሥር የሚጠቀጠቀው ድርብ) ይደፋል፣ ያልተሞከረ ሥራ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረግበታል። ከአንድ ከተማ ፋይል ውስጥ በሰኔ የመጨረሻ አሥር ቀናት የተፈረሙትን የክፍያ ምስክር ወረቀቶች ብቻ ለይቶ ማየት ለኦዲተር ጥሩ መነሻ ነው።

የዘገየ ግምገማ ሌላም ዋጋ አለው። ተጫራቹ የሰጠው ዋጋ ጸንቶ የሚቆየው በሰነዱ ለተጻፈው ጊዜ ነው። ያ ካለፈ ተጫራቹ ማስከበሪያውን ይዞ መውጣት ይችላል፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየወሩ በሚቀየርበት ዘመን ደግሞ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የአጭር ጊዜ ውሎች በአብዛኛው የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ስለሌላቸው ያኔ በአሮጌ ዋጋ የተያዙ ተቋራጮች ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ መክሰር ወይም ሥራውን እያንቀረፈፉ ውሉ እንዲቋረጥ መጠበቅ። በዚህ ላይ ከ2015 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ማሽን ወደ ወረዳ ከተማ መላክ የሚደፍር ተቋራጭ ቀንሷል። አንድ ብቻ ተጫራች የቀረበበት ጨረታ ይሰረዛል፣ እንደገና ይወጣል፣ አሁንም ያው አንዱ ይመጣል።

የመክፈቻው ቀን

ሳጥኑ ለምሳሌ በ22ኛው ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ይታሸግና 4፡30 ይከፈታል። በመክፈቻው የኮሚቴው ጸሐፊ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። የቅናሽ ደብዳቤ ካለ ያኔውኑ ይነበብ፤ በመክፈቻው ያልተነበበ ቅናሽ በኋላ ከፋይሉ ውስጥ «ቢገኝ» ዋጋ የለውም። የማስከበሪያው ዓይነት፣ መጠንና የሚያበቃበት ቀን ይመዝገብ። በፌዴራሉ የ2002 መመሪያ የጨረታ ማስከበሪያ ከተገመተው ዋጋ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነበር፤ ከተሞች ግን ብዙ ጊዜ ቁርጥ ያለ የብር መጠን ይጽፋሉ፣ ያ የተሻለ ነው፤ በመቶኛ ከተባለ ከሲፒኦው ተነስቶ የተጫራቹን ዋጋ ወይም የመሀንዲሱን ግምት ማስላት ይቻላልና።

ከዚያ በኋላ ያለው የቴክኒክ ግምገማ የወረቀት ግምገማ ነው። ተቋራጭ ከደረጃ 1 እስከ 10 ይመደባል፤ ደረጃውን የሚያስገኘው ባለሙያና ማሽን ነው። ለትንሽ ከተማ ሥራ የሚቀርበው ዶክመንት ውስጥ የግሬደር፣ የሎደርና የገልባጭ ሊብሬ፣ የመሀንዲስ ዲግሪና የሥራ ልምድ ይገኛል። ያንኑ ሊብሬ በዚያው ሳምንት ሦስት ከተማ ላይ ሌላ ተጫራች አቅርቦታል፤ መሀንዲሱም ወረቀቱን አከራይቶ ሌላ አገር ይሠራል። ሙሉ ፈቃድም ይከራያል፦ ያሸነፈው ድርጅት ሌላ፣ ሳይት ላይ ያለው ሰውዬ ሌላ። ይህን ለማጥራት ሁለት ስልክ ይበቃል፤ አንዱ ለማሽኑ ባለቤት፣ አንዱ ተጫራቹ «ሠርቼ አስረክቤአለሁ» ላለበት ከተማ። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ብቻ አምኖ መቀበል ስንፍና ነው፤ ያንን ደብዳቤ የሚጽፈው ከተማ ከተቋራጩ መገላገል የፈለገ ሊሆን ይችላልና።

በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ሳጥኑንና ፖስታውን ያስቀራል፤ ወደ ክልሎችም እየወረደ ነው። ለመክፈቻው ቀን ጥሩ ነው። የተሳሳተ ቢኦኪው ግን በኮምፒውተርም ያው የተሳሳተ ቢኦኪው ነው።

መሬት ላይ

እዚህ ላይ ነው ረጋ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው። ስድስት ሜትር ስፋትና 500 ሜትር ርዝመት ያለው የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ 3,000 ሜትር ካሬ ነው። ድንጋዩ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከተተወለት በአንድ ካሬ 83 ያህል ይገባል፤ ለመንገዱ በጠቅላላው 250,000 ገደማ። ድንጋዩ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ተቆጣጣሪ ነው። ከሥሩ ያለው ግን አይታይም። ዲዛይኑ 20 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሰብ ቤዝ ብሎ 15 ከተደረገ የጎደለው 150 ሜትር ኩብ ነው፤ ያውም ከተጠቀጠቀ በኋላ ያለው መጠን ነው እንጂ በገልባጭ ልቅ ሆኖ ሲጫን ከዚያ ይበልጣል። ለዚህም ነው ክፍያ በገልባጭ ቆጠራ ሲሆን ከተማው ሁልጊዜ የሚከስረው፦ ልቅ አፈር ሲጠቀጠቅ ሩብ ያህል ሊቀንስ ይችላል።

ሰብ ቤዙ ቀጥ ብሎ ካልተስተካከለ ነጣፊው ጉድለቱን በአሸዋ ይሞላዋል። አምስት ሳንቲ ሜትር መሆን የነበረበት አሸዋ አንዱ ጋ ሦስት፣ አንዱ ጋ አሥር ይሆናል። በመጀመሪያው ክረምት አሥሩ ይሰምጣል፤ ድንጋዩ ጎድጓዳ ይሠራል፤ ውኃ ይተኛበታል፤ አሸዋው በየክፍተቱ ይወጣል። ሰው «ድንጋዩ መጥፎ ነው» ይላል፤ ድንጋዩ ምንም አልሆነም። የጠርዙ ድንጋይ፣ ከርብ ስቶኑ፣ ከንጣፉ በፊት በኮንክሪት ካልታሰረ ደግሞ መንገዱ ወደ ጎን ይፈታል፤ ከዳር የጀመረ መፈታት መሐል ለመድረስ ብዙ አይቆይም።

ግንብ ቦይ ላይ ሌብነቱ በሲሚንቶ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ በግርድፉ ሲሶው ሞርታር፣ ማለትም የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ከተባለ ወደ ሦስት ከረጢት ይፈጃል፤ አንድ ለአምስት ከተደረገ ሁለት ገደማ ይበቃል። በ400 ሜትር ኩብ ግንብ ላይ ልዩነቱ 400 ከረጢት፣ ማለትም 200 ኩንታል ነው። ይህንን የሚይዘው ላቦራቶሪ ሳይሆን ሳይት ላይ የተቀመጠ መመዝገቢያ ነው፦ በየቀኑ የገባው ከረጢት፣ ባዶ የሆነው ከረጢት፣ የተገነባው ሜትር። በሳምንት አንዴ ደምሮ ማካፈል ነው። ግንቡ ውኃ ካልጠጣ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ካልረጠበ፣ ትክክለኛው ድብልቅ እንኳ በጥፍር ይፋቃል።

የመሀንዲሱ ዋና መሣሪያ የሚሸፈንን ሥራ ሳይሸፈን መለካት ነው። የጉድጓድ ጥልቀት ግንብ ከመግባቱ በፊት፣ የሰብ ቤዝ ውፍረት አሸዋ ከመድረሱ በፊት፣ የብረት ብዛት ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት። በየ50 ሜትሩ ሠላሳ በሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ በሜትር ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ከተቋራጩ ተወካይ ጋር ፈርሞ መያዝ። መኪና የሌለው መሀንዲስ ግን ወደ ሳይት የሚሄደው በተቋራጩ ፒካፕ ነው፤ ነዳጁም የተቋራጩ ነው። ይህን የሚከለክል መመሪያ አለ፣ ለሞተር ሳይክል ነዳጅ የተያዘ በጀት ግን የለም። በውሉ የክትትል ወጪ ተብሎ ከፕሮጀክቱ ዋጋ ትንሽ መቶኛ ቢያዝ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጥ ይጠቅማል።

ድንጋይ ማምረትና ማንጠፍ ብዙ ጊዜ ለተደራጁ ወጣት ማኅበራት ይሰጣል። እነሱ የጨረታ ማስከበሪያ በገንዘብ አያሲዙም፤ ካደራጃቸው ጽሕፈት ቤት የዋስትና ደብዳቤ ያመጣሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቤትም አቁሟል። ችግሩ ደብዳቤውን የጻፈው፣ ሥራውን የሰጠውና ጉድለቱን የሚከሰው አንድ ከተማ መሆኑ ነው። ማኅበሩ ቅድመ ክፍያ ወስዶ ቢበተን ከተማው ራሱን ነው የሚከሰው። ቅድመ ክፍያውን አሳንሶ በየ15 ቀኑ በተለካ ካሬ መክፈል ለሁለቱም ወገን ይሻላል፤ ወጣቶቹም የሚበተኑት በአብዛኛው ሌባ ሆነው ሳይሆን ለሁለት ወር ሳይከፈላቸው ቀርቶ ነው።

ዋስትናና ርክክብ

በፌዴራሉ የ2002 መመሪያ ቅድመ ክፍያ እስከ 30 በመቶ፣ የውል ማስከበሪያ 10 በመቶ ነበር። ለዘገየ ሥራ በቀን 0.1 በመቶ ቅጣት ይታሰብ ነበር፣ 10 በመቶ ሲደርስ ውል ለማቋረጥ ይበቃ ነበር። ከተሞችም ውላቸውን የሚጽፉት በዚሁ ልክ ነው። ወረቀቱ ላይ ከተማው በደንብ የተጠበቀ ይመስላል። የሚያጋልጠው የዋስትናው ማብቂያ ቀን ነው። ለአምስት ወር ሥራ የወጣ የስድስት ወር ዋስትና፣ ሥራው አንድ ዓመት ሲፈጅ፣ ማንም ሳያድሰው ይሞታል። ተቋራጩ ከጠፋ በኋላ ወደ ባንኩ የሚሄደው ደብዳቤ መልስ አያገኝም። ከኢንሹራንስ የመጣ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ቦንድ ደግሞ ሳይሞትም ለመሰብሰብ ከባድ ነው፤ ጥፋቱ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሁሉም ዋስትናዎች ማብቂያ ቀን የተጻፈበት አንድ ወረቀት ቢለጠፍና ከማብቂያው 30 ቀን በፊት «ይታደስ ወይም ይከፈል» የሚል ደብዳቤ ለባንኩ ቢላክ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል።

ከየክፍያው የሚያዘው ገንዘብ፣ በብዙ ውል 5 በመቶ፣ የሚለቀቀው ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ ባለው የአንድ ዓመት የጉድለት ጊዜ መጨረሻ ነው፤ አንዳንድ ውል ግማሹን በጊዜያዊ ርክክቡ ይለቃል። ዓመቱ ውስጥ አንድ ክረምት አለ፣ ከአንድ በላይ የለም። መንገዱም ቦዩም የሚፈተነው በዚያ ክረምት ነው። ብዙ ከተማ ግን ሥራውን ዞሮ የሚያየው ተቋራጩ የመጨረሻ ርክክብ ጠይቆ ሲጽፍ ነው፤ ያኔ የሰመጠው ቦታ ተጥለቅልቆ፣ የነዋሪ ጋሪ ሄዶበት፣ ውኃ ጽሕፈት ቤቱ መስመር ለመጠገን ቆፍሮት፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የማይለይበት ጊዜ ነው። መሀንዲሱ በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ እንዳበቃ፣ መንገዱን በእግሩ ሄዶ እያንዳንዱን ጉድለት በሜትር ቁጥር መዝግቦ፣ ፎቶ አያይዞ ለተቋራጩ በደብዳቤ ካደረሰ፣ የደረሰኝ ፊርማም ከተቀበለ፣ የተያዘው 5 በመቶ መጠገኛ ይሆናል። ደብዳቤው ካልተጻፈ ጊዜው ሲያልቅ ገንዘቡ ለተቋራጩ ይከፈላል፣ የተሰበረውም በሚቀጥለው ዓመት በጀት «ጥገና» ተብሎ አዲስ ጨረታ ይወጣበታል።